የውክልና ደም

«ሌሎቹስ?» አለ ታከለ።

ይታገሱ ከሚኒባሱ ገና እየወረደ ነበር። አንድ እግሩ መሬት ረግጧል፤ ሌላው ደረጃው ላይ ነው። ታከለ በትከሻው ላይ አሻግሮ ወደ ውስጥ አየ። ሁለት ሴቶች፣ አንድ ጆንያ በርበሬ፣ በሩን የያዘ ረዳት። ሌላ ሰው የለም።

«የምን ሌሎች?»

«አሥራ ሰባት ሰው ነው የቀጠርሁ። ሁለተኛ መኪና ይዘዋል?»

«ኧረ አያ ታከለ፣ ምን ሁለተኛ መኪና አመጣው። እኔ አለሁ አይደል? ወክለውኝ ነው የመጣሁ።»

ፍኖተ ሰላም መናኸሪያ በር ላይ ሦስት የፈረስ ጋሪዎች ቆመዋል። ታከለ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ጀምሮ ያቆያቸው ናቸው። የፊተኛው ጋሪ ነጂ ይታገሱን ከላይ እስከ ታች አየው።

«አሥራ ሰባቱ ሰው ይኸ ነው? እንግዲህ በሦስት ጋሪ ከፋፍለን እንጫነው» አለ።

ሁለቱ ጋሪ ነጂዎች ሳቁ። ታከለ አልሳቀም።

ይታገሱ ሃምሳ አንድ ዓመቱ ነው። ግራር ውሃ ውስጥ እንደሱ የሚያርስ የለም ይባላል። አሞት የተኛበትን ቀን የሚያስታውስ ጎረቤት የለውም። ከኮቱ ኪስ በፌስታል የተጠቀለለ ወረቀት አወጣና በሁለት እጁ ሰጠ። ታከለ እዚያው ቆሞ አነበበው።

«ለሚመለከተው ሁሉ። እኛ ስማችን ከዚህ በታች የተዘረዘረው የግራር ውሃ ቅዱስ ሚካኤል ጽዋ ማኅበር አባላት፣ ጊዜው የአጨዳ በመሆኑ በአካል ለመቅረብ ስላልቻልን፣ ወንድማችን አቶ ይታገሱ በስማችን ደሙን ሰጥቶ እንዲመረመር፣ ውጤቱንም ተቀብሎ እንዲያመጣልን የወከልነው መሆኑን በፊርማችን እናረጋግጣለን።»

ከሥሩ አሥራ ሦስት ፊርማና ሦስት የአውራ ጣት አሻራ አለ። ማኅተሙ ሐምራዊ ነው። ታከለ የእጅ ጽሑፉን ያውቀዋል። የየሽዋስ ነው። የመጀመሪያው ፊርማም የእሱ ነው።

ታከለ ይኼን ሁሉ ያሰናዳው ለየሽዋስ ሲል ነበር።

የሽዋስ ስልሳ ስድስት ዓመቱ ነው፤ የማኅበሩ ሙሴ፣ ማለትም አለቃ። የታከለን እህት ሲሳይነሽን ካገባ ዐርባ ዓመት አልፎታል። በመስከረም ሲሳይነሽ ቡሬ ገበያ መጥታ ወንድሟን ከበርበሬ ተራው ጀርባ ጠራችው።

«ሌሊት አምስቴ ይነሳል» አለችው። «ወጥቶ ይቆያል። ሲመለስ ልብሱ እርጥብ ነው። እኔ ተደብቄ አጥባለሁ። እኔ ነገርኩት እንዳትል። ከሰማ ዓይኔን አያይም።»

«ለምን ያህል ጊዜ?»

«ፋሲካ ካለፈ ወዲህ። ብርድ ነው ይላል። የጋለ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ነው ይላል። አንተን ያዳነህን ነገር ለሱም አድርግለት።»

ታከለ እህቱን እንዳያጋልጥ ሲል ምርመራውን ለማኅበሩ ሁሉ አደረገው። ከሃምሳ ዓመት በላይ ያሉት፣ አባታቸው ወይም ወንድማቸው በፕሮስቴት ካንሰር የሞተባቸው ደግሞ ከዐርባ አምስት ጀምሮ። አሥራ ሰባት ሆኑ። የሽዋስ በመካከላቸው ሆኖ ሳይለይ ይመረመራል። ሐሳቡ ይኼ ነበር።

ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተ። ሁለቱን ጋሪዎች አሰናበተ። በሦስተኛው ከይታገሱ ጋር ወጣ።

*

ታከለ ስልሳ አንድ ዓመቱ ነው። ሃያ ዘጠኝ ዓመት በቡሬ ወረዳ የእንስሳት ጤና ረዳት ሆኖ ሠርቷል። ክትባት፣ ምጥ የጠናባት ላም፣ ገንዲ የሚባለው የከብት በሽታ ምርመራ፤ ሥራው ብዙ ነበር። ሰው የሚያስታውሰው ግን አንዱን ነው። ወይፈን ያኮላሻል። ድሮ ገበሬው ወይፈኑን ጥሎ በእንጨት ይቀጠቅጠው ነበር። ታከለ ረጅም እጀታ ያለው የብረት ጉጠት ይዞ መጣ። ደም የለም፣ ቁስል የለም። አንዴ «ቀጭ» ይላል፤ ወይፈኑ ሰንጋ ይሆናል። ጡረታ ሲወጣ ጉጠቱን ለመሥሪያ ቤቱ አስረከበ። ስሙ ግን አብሮት ወጣ። ታከለ ጉጠት ይሉታል።

ከአራት ዓመት በፊት ለኩላሊት ጠጠር ብሎ ባሕር ዳር ሄደ። ሐኪሙ ዕድሜውን ጠየቀና አንድ የደም ምርመራ ጨመረለት። ፒኤስኤ ይሉታል፤ ከፕሮስቴት እጢ የሚወጣ ነገር በደም ውስጥ ምን ያህል እንዳለ የሚለካ ነው። የታከለ ከፍ ብሎ ተገኘ። ከፍ ማለቱ ብቻውን ካንሰር ነው ማለት አይደለም፤ እጢው በዕድሜ ሲያብጥም ከፍ ይላል። ስለዚህ ናሙና ወሰዱ። ካንሰር ነበር። ከእጢው ገና አልወጣም። ቀዶ ሕክምና ተደረገለት። ካንሰሩ አላመመውም ነበር፤ ምልክትም አልነበረውም። በዚያ ቀን ያ ሐኪም ዕድሜውን ባይጠይቀው ኖሮ ምን እንደሚሆን ታከለ ያውቃል። የእሱና የሲሳይነሽ ታላቅ ወንድም ቴዎፍሎስ በሦስት ወር ውስጥ ወገቡ ተቆርጦ ሲሞት ቤተሰቡ የነርቭ ነው ብሎ ነበር።

ከዚያ ወዲህ መናገር ጀመረ። ቡሬ ገበያ መግቢያ ላይ ወረቀት ለጠፈ፤ ዝናብ ወሰደው። ከቅዳሴ በኋላ በቤተ ክርስቲያን ደጅ ተናገረ፤ ሴቶች እየሰሙ ይኼን ማንሳት ነውር ነው ተባለ። በቀበሌ ስብሰባ ከማዳበሪያው አጀንዳ በኋላ አምስት ደቂቃ ተሰጠው። ፕሮስቴት ከፊኛ ሥር ያለ፣ ወንድ ብቻ ያለው እጢ እንደሆነ አስረዳ። በመጀመሪያ እንደማያም፣ ሲያም ብዙ ጊዜ እንደመሸ አስረዳ። ከዚያ «ጥያቄ ያለው?» አለ።

አንድ ሰው እጁን አወጣ። «ላሜ ከወለደች ሁለት ወሯ ነው፤ አንዱ ጡቷ ደርቋል። ምን ላድርግ?»

ሌላው ችግር ጉጠቱ ነው። ሃያ ዘጠኝ ዓመት የወይፈን ቆለጥ ሲቀጭ የኖረ ሰው መጥቶ «ሱሪህ ውስጥ ስላለው ነገር ላዋይህ» ሲል የሚሰማው የለም። ቡሬ አረቄ ቤት ውስጥ «ወይፈኑ አልቆበት ወደኛ ዞረ» ተባለ። ቆይቶ ቀልዱ ወሬ ሆነ። የተመረመረ ሰው ይኮላሻል የሚል ወሬ። ታከለ ራሱ ተኮላሽቷል የሚል ወሬ። ሚስቱ ያምሮት ወፍጮ ቤት ሴቶች በጎን ጠየቋት። ያምሮት «እናንተን ምን ይመለከታችኋል» ብላ ዱቄቷን ተሸክማ ወጣች።

በጥቅምት 12 ማኅበር ላይ ግን ሰሙት። ወይም የሰሙት መሰለው። የማኅበሩ ካህን አባ ክንፈሚካኤል «ይናገር፤ እሱ ሞቶ የተነሳ ነው» አሉ። ታከለ ቀኑን ለሁሉም ነገረ፤ ኅዳር 11፣ የሚካኤል ዋዜማ። «እሺ» አሉ። የመጨረሻው መኪና እንዳያመልጠው ቶሎ ወጣ። እሱ ከወጣ በኋላ ነው ነገሩን በውክልና የጨረሱት።

*

ላቦራቶሪው ከዋናው አስፋልት ትንሽ ገባ ይላል። ባለሙያዋ ዓባይነሽ ትባላለች። የፒኤስኤ መመርመሪያ ፍኖተ ሰላም ውስጥ አንድ ወር ሲኖር ሦስት ወር ይጠፋል። ዓባይነሽ ታከለ ለምኗት ለሃያ ሰው የሚበቃ አስመጥታ ማቀዝቀዣ ውስጥ አስቀምጣለች። የአገልግሎት ጊዜው በወሩ መጨረሻ ያበቃል።

ደብዳቤውን ሁለቴ አነበበችው። ከንፈሯን ነከሰች።

«ጋሼ ታከለ፣ ይኼ ቀልድ ነው?»

«ማኅተም አለበት» አለ ታከለ።

ይታገሱ ተቀየመ። «ምን ያስቃል? ለማዳበሪያው ሰልፍ አንድ ሰው አይደለም የምንልክ? ለግብሩም እንደዚያው። አሥራ ሰባት ሰው አጨዳ ትቶ እዚህ ምን ይሠራል?»

«ማዳበሪያ አይደለም፤ ደም ነው» አለች ዓባይነሽ። «ያንተ ደም ስላንተ ብቻ ነው የሚናገረው።»

«እሱንማ እንዳትይኝ እህቴ።» ይታገሱ ወደ ታከለ ዞረ። «አያ ታከለ፣ ገንዲ የገባ ዓመት ትዝ ይልዎታል? መንጋውን ሁሉ ወንዝ ዳር አሰባሰብንልዎት። ሃምሳ ምናምን ከብት ነው። እርስዎ ከሁለቱ ደም ወሰዱ። በሦስተኛው ቀን መጥተው ‹መንጋችሁ ደህና ነው፣ ልቀቁት› አሉን። ለቀቅነው። አንድም አልሞተብን።»

ይታገሱ ቀጠለ።

«ያን ጊዜ ሁለት ላም ለሃምሳ ከበቃች እኔ ለአሥራ ሰባት አልበቃም? አያ የሽዋስም ያሉ ይኸንኑ ነው። ‹ታከለ ራሱ ያስተማረን ነው› አሉ። ደግሞ ደካማ አልላክንም፤ ጠንካራውን ነው የላክን።»

ታከለ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። በዚያ ዓመት መርፌውም የመስታወቱ ስላይድም ስላልበቃው ነበር ከሁለት ብቻ የወሰደው። ሁለቱም ቢሆኑ ለመያዝ የማያስቸግሩትን መርጦ ነው። መንጋው ደህና መሆኑን አላወቀም ነበር። ገመተ፤ ግምቱ ተሳካ። ይኼን ለማንም ተናግሮ አያውቅም። አሁንም አልተናገረም።

«ገንዲ በዝንብ ከከብት ወደ ከብት ይተላለፋል» አለ በመጨረሻ። «ስለዚህ ከአንዱ ስለሌላው ትገምታለህ። ይኼ አይተላለፍም። እያንዳንዱ ሰው ውስጥ ለብቻው ነው የሚበቅለው። አንተ ውስጥ ባይኖር አያ የሽዋስ ውስጥ ሊኖር ይችላል።»

«አያ የሽዋስ ምን ሆኑ?»

«ለምሳሌ ነው ያልሁ።»

ይታገሱ እጅጌውን ጠቀለለ። ደሙ ተወሰደ። ውጤቱ ከአንድ ሰዓት በኋላ ወጣ። ዜሮ ነጥብ ዘጠኝ፤ ለዕድሜው ደህና።

ታከለ ዓባይነሽን ወደ ጓዳው ጠራት። «አትስጪው» አላት።

«ምኑን?»

«ወረቀቱን። ‹አልደረሰም፣ ሳምንት ና› በይው። ይኼን ወረቀት ይዞ ከገባ ሌላ አንድ ሰው አይመጣም። ሁሉም ደህና ነን ብለው ይተኛሉ።»

«ጋሼ፣ ውጤቱ የሱ ነው።»

«አንድ ሰው ሊሞት ነው እኮ የምልሽ!»

«ገባኝ። ግን የሰው ውጤት ደብቄ አላውቅም። ዛሬ ለእርስዎ ብዬ ከደበቅሁ ነገ ስለ ላቦራቶሪው ሌላ ወሬ ይወጣል። ያኔ ደግሞ ማን ይመጣል?»

ወጥታ ወረቀቱን ለይታገሱ ሰጠችው። ይኼ የእሱ ብቻ እንደሆነ፣ ለማንም እንደማያገለግል፣ እሱም ቢሆን ተመልሶ መምጣት እንዳለበት አንድ በአንድ ነገረችው። «ገብቶኛል» አለ። ወረቀቱን በፌስታሉ ጠቅልሎ ኪሱ ከተተ።

ታከለ ውጭ ወጥቶ የሽዋስ ጋ ደወለ።

«እንዴት ዋላችሁ አያ የሽዋስ?»

«ደህና ነን። ልጁ እንዴት ሆነ?»

«ይታገሱ ደህና ነው። ግን ስሙኝ፣ እርስዎ ነገ ጠዋት...»

«ተመስገን!» ድምፁ ከስልኩ ራቀ። ለሌላ ሰው ነው የሚናገረው። «ደህና ነን! ወጣ ውጤቱ! ደህና ነን አሉ!» ከጀርባ የወንዶች ድምፅ ተሰማ። ከዚያ መስመሩ ተቆረጠ። ታከለ ስድስት ጊዜ ደወለ። አልተነሳም።

*

በማግስቱ ኅዳር ሚካኤል ነው። ተራው የየሽዋስ ነበር፤ ማኅበሩ ግቢው ውስጥ በተጣለው ዳስ ተቀምጧል። ታከለ ከአስፋልቱ በእግሩ ሲደርስ ዳቦው ተቆርሶ ጠላው ሁለተኛ ዙር ላይ ነበር። የይታገሱ ወረቀት ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል። ማንበብ የማይችሉትም ገልብጠው ያዩታል።

«መጣ ጉጠት!» አለ አንዱ። «ዛሬ ባዶ እጁን ነው፤ አትፍሩ።»

«ለምን ይዞ ይመጣል፤ ወረቀት ይዘናል እኮ። ነጻ ወጥተናል።»

«በይታገሱ በኩል የኔንም ቀጭ አድርገውት ይሆን ብዬ ሳልተኛ ነው ያደርሁ» አለ ሌላው። ዳሱ በሳቅ ተናጋ።

ታከለ ቆሞ ጀመረ። ደም እንደ ማዳበሪያ በውክልና እንደማይወሰድ ተናገረ። ላቦራቶሪው ውስጥ ለአሥራ ዘጠኝ ሰው የሚበቃ ዕቃ እንዳለ፣ በወሩ መጨረሻ እንደሚጣል ተናገረ። አንድ ሰው እንኳ የሚፈልግ ካለ ነገ አብሮት እንደሚሄድ ተናገረ። እንደ ቅዳሴ ማስታወቂያ አንገታቸውን እየነቀነቁ ሰሙት። ጠላ ቀዱለት።

የሽዋስ በዚህ መካከል ለሦስተኛ ጊዜ ተነስቶ ወጣ። ታከለ ከቆመበት ያየዋል። ከባሕር ዛፉ ጀርባ ጋቢውን ሰብስቦ፣ አንድ እጁን ግንዱ ላይ አሳርፎ፣ ቆመ። ታከለ ሰዓቱን አየ። አራት ደቂቃ። የሽዋስ ፊቱ ላብ አውጥቶ ተመለሰና ቦታው ተቀመጠ። ወረቀቱን ከጎኑ ካለው ሰው ተቀበለ።

«እንግዲህ ታከለ» አለ፤ «ደክመሃል፣ እግዜር ይስጥህ። ነገሩ ግን አለቀ። ደህና ነን።»

ታከለ ሃያ ዘጠኝ ዓመት ገበሬ ያናገረ ሰው ነው። መታገሥ ያውቅ ነበር። በዚያ ሰዓት አልቻለም።

«ደህና ነህ?» አለ። ዐርባ ዓመት «እርስዎ» ሲለው ኖሮ። «ሌሊት ስንት ጊዜ እንደምትነሳ ንገራቸው። ልብስህን ማን ተደብቆ እንደሚያጥብ ንገራቸው። አሁን ከዛፉ ሥር አራት ደቂቃ ምን ስትሠራ ነበር?»

ሲሳይነሽ በር ላይ ጋን አዘንብላ ጠላ እየቀዳች ነበር። የሽዋስ ታከለን አላየም። እሷን ነው ያየው። ጠላው ከማንቆርቆሪያው አፍ ሞልቶ መሬት ፈሰሰ።

«አባ» አለ የሽዋስ ወደ ካህኑ ዞሮ፣ «ይኼን ሰው ከግቢዬ አስወጡልኝ።»

ማንም አላስወጣውም። ራሱ ወጣ። የይታገሱ ድምፅ ከኋላ ተሰማው፤ «አይ አያ ታከለ፣ ይኸንማ አጠፉ።»

አጥፍቷል። ታከለም ያውቃል። እስከ አስፋልቱ ድረስ ራሱን ሲሳደብ ሄደ።

*

የሽዋስ ሰባት ወር አላናገረውም። ሲሳይነሽ የወንድሟን ስልክ እንዳታነሳ ተከለከለች። ታከለ በታኅሣሥ አባ ክንፈሚካኤልንና ሁለት ሽማግሌ ላከ። የሽዋስ አብልቶ አጠጥቶ መለሳቸው። ስለ ታከለ ከሚናገር ስለ ሽንት የሚናገር ቢመጣ ይሻለኛል አላቸው፤ ከዚያ ስለ ሽንት ሲያነሱበት ተነስቶ ከብት ሊያስገባ ወጣ። ዓባይነሽ አሥራ ዘጠኙን መመርመሪያ በኅዳር መጨረሻ ጥላ ነበር። በየካቲት መንገዱ ለሳምንታት ተዘጋ። በመጋቢት የሽዋስ ጠበል ገብቷል ተባለ። በሚያዝያ ተሽሎታል ተባለ።

በሰኔ ሲሳይነሽ ደወለች። «መነሳት አቃተው» አለች። «ወገቡን ነው። ና።»

በቃሬዛ እስከ አስፋልቱ አወረዱት። ይታገሱ ከፊት ከያዙት አንዱ ነበር። ፍኖተ ሰላም ዓባይነሽ ደሙን ወሰደች። መሣሪያው መቶ ድረስ ነው የሚቆጥረው፤ ከመቶ በላይ ብሎ ቆመ። ባሕር ዳር ወሰዱት። አጥንቱ ውስጥ ገብቷል። ሐኪሟ ታከለንና ሲሳይነሽን ለብቻ ጠርታ አስረዳች። ካንሰሩ የሚመገበው ከቆለጥ በሚወጣው ሆርሞን ነው። እሱን ማቆም ያስፈልጋል። አንዱ መንገድ በየሦስት ወሩ የሚወጋ መርፌ ነው፤ መርፌው ግን አንዳንዴ ይገኛል፣ አንዳንዴ ወራት ይጠፋል። ሌላው ሁለቱንም ቆለጥ በቀዶ ማውጣት ነው፤ አንዴ ተደርጎ ያልቃል። ምርጫው የበሽተኛው ነው።

የሚነግረው ሰው ታከለ ሆነ። ሌላ ማን ይነግረዋል።

የሽዋስ እስኪጨርስ ሰማው። አልጋው በመስኮቱ ጥግ ነበር። ብዙ ከስቷል።

«ጉጠቱን አስረከብህ አይደል?» አለ።

«አስረክቤአለሁ።»

«ሞኝ። ይኼን ሁሉ መንገድ ባልመጣሁ።»

ሊስቅ ሞከረ፤ ወገቡ ከለከለው። ታከለ ትራሱን አስተካከለለት።

«በኅዳር ብመጣ ኖሮ ይኼ ይቀር ነበር?»

«አላውቅም።»

«አንተ ታከለ፣ እንደ ቄስ አታባብለኝ።»

«ምናልባት ይቀር ነበር አያ የሽዋስ። ምናልባት ያን ጊዜም ወጥቶ ነበር። ከዚያ በፊት፣ ገና ሳያምዎት ቢሆን ኖሮ ግን እንደኔ ይሆኑ ነበር። እኔ የሰማሁት ግን ያ ጊዜ ካለፈ በኋላ ነበር። ቢሆንም አንድ ዓመት ሁለት ዓመት ማግኘት ይቻል ነበር።»

የሽዋስ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

«ፈርቼ ነው» አለ። «የአጨዳው ነገር ውሸት ነው። ውክልናውን ያመጣሁት እኔ ነኝ። ከተመረመርሁ ያኮላሹኛል ብዬ ነው። ስለዚህ ጠንካራውን መርጠን ላክን። አሁን ደግሞ ይኸው።» ወደ ታከለ ዞረ። «ሲሳይነሽን ሰባት ወር አላናገርኋትም። አንተ በሰው ፊት ባትናገር ኖሮ በጥር እመጣ ነበር። ይመስለኛል።»

«አጥፍቻለሁ።»

«አጥፍተሃል።»

ቀዶውን መረጠ። በሦስተኛው ቀን ተደረገ። ሕመሙ ቀለል አለለት፤ በሐምሌ መጀመሪያ በከዘራ እየተደገፈ ግራር ውሃ ገባ። ለሐምሌ 12 ማኅበር ግን መቀመጥ አልቻለም። ታከለን አስጠራና ወረቀትና የማኅበሩን ማኅተም እንዲያቀብለው አዘዘ። ትራስ ጉልበቱ ላይ አድርጎ ጻፈ። ብዙ ጊዜ ወሰደበት።

ወረቀቱን ያነበቡት አባ ክንፈሚካኤል ናቸው።

«ለግራር ውሃ ቅዱስ ሚካኤል ጽዋ ማኅበር አባላት። ባለፈው ኅዳር ለአቶ ይታገሱ የሰጠሁትን ውክልና ከዛሬ ጀምሮ ሽሬአለሁ። የእናንተንም እንድትሽሩ አሳስባለሁ። እኔ የተደረገብኝን ታከለ ያውቃል። ለጠየቀው ይናገር፤ ፈቅጃለሁ። በሴቶች ፊትም ይናገር።»

ከሥሩ ፊርማና ሐምራዊ ማኅተም አለ።

ይታገሱ «እንግዲያ የኔስ ውጤት?» አለ።

«ያንተ ያንተ ነው» አለ ታከለ።

አንድ ሰው ብቻ ተነስቶ ታከለን ወደ ውጭ ጠራው። ታከለ ደስ ብሎት ተከተለው። ሰውየው ከአጥሩ አጠገብ ግራና ቀኝ አየና ዝግ ባለ ድምፅ ስለ ወይፈኑ ጠየቀው።

የሽዋስ ጥር 19 ቀን አረፈ። ማኅበሩ በምትኩ ይታገሱን ሙሴ አደረገ። በመጋቢት ወር ዘጠኝ ወንዶች በአንድ ሚኒባስ ፍኖተ ሰላም ሄዱ። ዓባይነሽ ዘንድ የነበረው መመርመሪያ ለሰባት ሰው የሚበቃ ነበር። ሁለቱ በሚቀጥለው ወር እንዲመጡ ተነገራቸው። አልመጡም።